እንስራ ሲያልበው

የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ የመጣው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። በቴሌግራም። ላኪው ራሴ የጻፍኩት ቦት፣ መልእክቱም አንድ መስመር፦ «የውሃ ሙቀት 85 ዲግሪ»።

85! እንዴት ከአልጋ እንደወረድኩ አላውቅም። ሳሎን ደርሼ እጄን አኳሪየሙ ውስጥ ስነክር ውሃው እንደ ወትሮው ነው። ዓሣዎቹ ተኝተዋል፣ ኮራሎቹ ለሌሊት ተኮማትረዋል፣ እኔ ብቻ በቁምጣ ቆሜ ልቤ ይመታል። በነጋታው ሳነብ ነው የገባኝ፤ ዲኤስ18ቢ20 የሚባለው ርካሽ የሙቀት ሴንሰር ኤሌክትሪክ እንዳገኘ፣ ገና ምንም ሳይለካ፣ ሆዱ ውስጥ ይዞት የሚጠብቀው ቁጥር 85 ነው። ሌሊት ላይ ኬብሉ ለአፍታ ላልቶ ጠፍቶ በርቷል፣ ኮዴ ደግሞ ያገኘውን ሳያጣራ ላከልኝ። «85 ከመጣ ተወው» የሚል መስመር ጨመርኩና ጉዳዩን ዘጋሁ።

ይህን ታሪክ ለሰው የማወራው እንደ ቀልድ ነበር። ያለፈው ነሐሴ እስኪመጣ ድረስ።

ዱባይ ከመጣሁ አራት ዓመት ሆኖኛል። አዲስ አበባ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተምሬ፣ እንደ ብዙ የክፍሌ ልጆች ኮድ በመጻፍ ነው የምኖረው። ባሕር ያየሁት እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው፣ በ24 ዓመቴ። አንድ ዓርብ ከሥራ ልጆች ጋር ፉጃይራ ሄደን፣ መዋኘት ስለማልችል የሕይወት ጃኬት አስረውልኝ፣ በመነጽር ፊቴን ውሃ ውስጥ ከተትኩ። ከሥር ቅርንጫፍ ያለው፣ የሚወዛወዝ፣ ሐምራዊና አረንጓዴ የሆነ ነገር ሞልቷል። «የባሕር ዛፍ» ልለው ፈለግኩ፤ ስሙን ግን አስቀድመን እንጦጦ ላይ ለሚበቅለው ሰጥተነዋል። ስለዚህ ኮራል እንላለን።

ከዚያ ቀን ዓመት ሳይሞላ ሳሎናችን ውስጥ 200 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም ቆመ።

ሳሎናችን የምለው ደባል ስላለኝ ነው። የድሬ ልጅ ነው፣ በስድስት ዓመት ይበልጠኛል፣ ሆቴል ኩሽና ውስጥ ይሠራል። አኳሪየሙ የገባ ቀን ዙሪያውን ዞሮ አየና «አቦ፣ ይሄ ሁሉ ዕቃ ተገዝቶ የሚጠበስ ዓሣ የለውም?» አለኝ። እማዬ ደግሞ በቪዲዮ ሳሳያት ብዙ ዝም ብላ ቆየችና «ለሰውስ ይሁን፣ ለዓሣ ኤሲ?» አለች። ጣት የምታህል አንዲት ኮራል ስንት እንደምትሸጥ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። በየወሩ ከምልክላት ጋር እንዳታነጻጽረው ፈርቼ ነው። እኔ ራሴ አነጻጽረዋለሁ'ኮ።

ሪፍ አኳሪየም ያለው ሰው ቀኑን ሙሉ የሚያስበው ስለ ውሃ ነው፤ ዓሣው ትርፍ ነው። ጨዋማነቱ በሺህ 35 አካባቢ፣ ሙቀቱ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን አለበት። እኔ 26 ላይ ነው የያዝኩት። ኮራል ድንጋይ ይምሰል እንጂ እንስሳ ነው። ሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ተከራይተው ይኖራሉ፤ በብርሃን ምግብ ሠርተው ያካፍሉታል፣ ቀለሙንም በአብዛኛው የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ኪራዩ ይፈርሳል። አልጌዎቹ ኮራሉን የሚጎዳ ነገር ማመንጨት ይጀምራሉ፣ እሱም ያስወጣቸዋል። ሥጋው ብርሃን ስለሚያሳልፍ ከሥሩ ያለው ነጭ አጽም ወለል ብሎ ይታያል። ኮራል ነጣ የሚባለው ያኔ ነው። የነጣ ኮራል አልሞተም። በሕይወት አለ፣ ግን ዋናው ምግቡ ተቋርጦበታል፣ ቀን እየቆጠረ ነው።

የባሕር ተመራማሪዎች የሚነሱበት ሂሳብ ያስደነግጣል። አንድ ሪፍ በዓመት ውስጥ በጣም ሞቃት በሆነው ወሩ ከለመደው አማካይ 1 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ አንድ ወር ያህል ከቆየ፣ መንጣት ይጠበቃል። 1 ዲግሪ! እኔና ደባሌ ኤሲው ላይ የምንጨቃጨቀው በሦስት ዲግሪ ነው።

አዲስ አበባ ብሆን ጭንቀቴ ማሞቂያ ነበር። ዱባይ ግን የቧንቧው «ቀዝቃዛ» ውሃ ጣሪያ ላይ ካለ ታንከር ስለሚወርድ በበጋ እጅ ያቃጥላል፤ ብዙ ሰው ቦይለሩን አጥፍቶ ቤት ውስጥ የቀዘቀዘውን የቦይለር ውሃ ነው የሚታጠብበት። በዚያ ላይ አኳሪየሙ ራሱን ያሞቃል። ውሃውን የሚያንቀሳቅሱት ፓምፖችም መብራቱም የሚበሉት ዋት መጨረሻው ሙቀት ነው። አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብዬ ሠራሁት፦ 200 ሊትር የባሕር ውሃን 1 ዲግሪ ለማሞቅ ወደ 800 ኪሎጁል ያስፈልጋል። 100 ዋት የሚበላ ዕቃ ሙቀቱን በሙሉ ውሃው ላይ ቢጥል፣ በሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ 1 ዲግሪ ይጨምራል ማለት ነው። ቤቱ በኤሲ ቀዝቅዞ ሙቀቱን ካልተቀበለው በቀር።

ለማቀዝቀዝ ሁለት መንገድ ነበረኝ። አንደኛው ቺለር ነው፤ ውሃው በውስጡ እያለፈ የሚቀዘቅዝበት ፍሪጅ በሉት። ይሠራል፣ ግን ውድ ነው፣ ይጮኻል። ሁለተኛው ከኮምፒውተር ውስጥ የወጡ ሁለት ትንንሽ ማራገቢያዎችን ውሃው ላይ ማስነፈስ። ሳስበው የልጅ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ደባሌ ነው የሳቀብኝ።

«ኢንጂነር፣ እንስራ አታውቅም እንዴ?» አለኝ። «እኛ ቤት ያን ሁሉ የድሬ ሙቀት እንስራው ጥላ ሥር ተቀምጦ ያልበዋል፣ ውስጡ ግን በረዶ ነው። ሾፌሮቹስ ቢሆኑ? የጅቡቲ መንገድ ላይ ጀሪካኑን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው ውጪ ያንጠለጥሉታል።»

ልክ ነበር። አምስት ዓመት ተምሬ እሱ ከእናቱ ማጀት ያገኘውን ነው ያስረዳኝ። ውሃ ለመትነን ሙቀት ይፈልጋል፤ የሚወስደውም ከቀረው ውሃ ላይ ነው። አንድ ሊትር ሲተን ወደ 2,400 ኪሎጁል ይዞ ይሄዳል። ለኔ አኳሪየም ይህ 3 ዲግሪ ማለት ነው። ማራገቢያዎቹን ከሴንሰሩ ጋር አገናኘኋቸው፤ ውሃው ከ26.3 ሲያልፍ ይነሳሉ፣ ከ25.9 ሲወርድ ያርፋሉ። ጨው ስለማይተን፣ የጎደለውን የሚሞላው ጨው የሌለበት የተጣራ ውሃ ነው፤ በቀን ሦስት ሊትር ገደማ፣ በትንሽ ፓምፕ በራሱ ይሞላል።

ግራፉን ብታዩት! ለስምንት ወር ከ26 ዲግሪ ግራና ቀኝ የማይወጣ መስመር። ስልኬ ላይ ከፍቼ አየዋለሁ፣ ሥራ ቦታ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ አየዋለሁ። ለሰው ሁሉ «ሁለት መከላከያ ነው ያለኝ» እላለሁ፤ «ኤሲው አለ፣ ኤሲው ቢያቅተው ማራገቢያው አለ።»

ነሐሴ ላይ፣ ሐሙስ ማታ፣ የፎቃችን ኤሲ ቆመ። የሕንጻው ጥገና ክፍል መለዋወጫ እንደሚያስፈልግና ቅዳሜ እንደሚመጣ ነገረን። ቅዳሜ ሲደርስ እሁድ ሆነ።

ሐሙስ እኩለ ሌሊት 27.4 ነበር። መብራቱን አጠፋሁ፣ አንዱን ፓምፕ ቀነስኩ፣ ማራገቢያዎቹን ሙሉ በሙሉ ለቀቅኳቸው። ቤቱ ሲታፈንብን ደግሞ መስኮቱን ከፈትኩ። የነሐሴን ሌሊት ዱባይ የኖረበት ያውቀዋል፤ መነጽር አድርገህ ከሕንጻ ስትወጣ መስታወቱ በጉም ይሸፈናል። ያ አየር ሳሎናችን ገባ። ጠዋት ላይ 29.6። ማራገቢያዎቹ ይዞራሉ፣ ይጮኻሉ፣ መስመሩ ሽቅብ ይወጣል።

ችግሩን ያየሁት ግራፉ ላይ አልነበረም። የተጣራው ውሃ ባልዲ ነው ያሳየኝ። ሁልጊዜ በአንድ ሌሊት ሊትር ተኩል ገደማ የሚጎድለው ባልዲ ምንም ያህል አልጎደለም። ውሃው መትነን አቁሟል ማለት ነው! አየሩ ጠግቧል፣ ሌላ እርጥበት አይቀበልም። እንስራ ድሬ ላይ የሚያልበው አየሩ ደረቅ ስለሆነ ነው። ሳሎናችን ውስጥ አየሩን ሲያደርቅልኝ የኖረው ደግሞ ኤሲው ነው፤ ያ በቧንቧ ወደ ውጭ የሚንጠባጠበው ውሃ ከየት የመጣ ነበር የመሰለኝ? ማራገቢያዬ የሚሠራው ኤሲው እየሠራ ብቻ ነበር። ሁለት ብዬ የቆጠርኩት አንድ ነገር ነው፣ በሁለት ስም። ቺለር ብገዛም ያው ነበር፤ ከውሃው የቀዳውን ሙቀት እዚያው የታፈነ ቤት ውስጥ ነው የሚተፋው።

ይሄ'ኮ ትምህርት ቤት ተምረነዋል። ሁለት መጠባበቂያ ስትሠራ ሁለቱም በአንድ ምክንያት እንዳይወድቁ አረጋግጥ። ፈተና ላይ መጥቶልኝ መልሼዋለሁ። ጥሩ ነጥብም አግኝቼበታለሁ።

መስኮቱን ዘጋሁ። ደባሌ ከሥራ ሲመለስ ሁኔታዬን አየና ምንም ሳይል ባዶ ሃይላንዶች ሰብስቦ በቦርሳ ሞላ። ማታ ሲገባ በሆቴሉ ፎጣ የተጠቀለሉ ስድስት በረዶ የሆኑ ሃይላንዶች ይዞ መጣ፤ ሼፉን ለምኖ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጧቸው ነው። ባለ ሊትር ተኩሉ አንድ ሃይላንድ፣ በረዶው ቀልጦ ውሃው እስኪሞቅ ድረስ፣ አኳሪየሙን ወደ 1 ዲግሪ ገደማ ያወርዳል። ችግሩ በአንዴ ማውረድ አይቻልም፤ ኮራልን ሙቀቱ ያልገደለውን ድንገተኛ ቅዝቃዜው ይጨርሰዋል። ስለዚህ አንድ ሃይላንድ፣ ሁለት ሰዓት፣ ሌላ ሃይላንድ። ተራ ገባን። እኔ እስከ ሌሊቱ 8፣ እሱ ከዚያ በኋላ። እሱ ዓሣ የሚባል ነገር ሳህን ላይ ካልሆነ አይወድም፣ እኔ ስነቃ ግን ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ውሃውን በጣቱ እየነካ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ 32.3 ደርሶ ነበር። ከዚያ በላይ አልወጣም።

ክላውንፊሾቹ ውሃው ገጽ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ነበር፤ ሞቃት ውሃ ኦክስጅን የሚይዘው ትንሽ ነው። የአየር ፓምፕ ጨመርኩላቸው፣ ተረፉ። ሽሪምፑ ሞተ። አክሮፖራ የምትባለው ቅርንጫፋማ ኮራሌ ቅዳሜ ጠዋት ሥጋዋ እንደ ራሰ ሶፍት ከአጽሟ ላይ እየተላጠ ወረደ፣ ሽታው እስከ ኮሪደር። ሀመር የምትባለው፣ የጣቶቿ ጫፍ መዶሻ የሚመስል፣ የመጀመሪያ ኮራሌ ናት፤ እሷ እስከ እሁድ ቆየች። እሁድ ማታ ኤሲው ሲመጣ መብራቱን አበራሁ። ነጭ ሆናለች። እንደ ጥርስ ነጭ።

በዚያ ሳምንት ሌሊት እንቅልፍ ሲጠፋ ስለ ባሕሩ አነብ ነበር። ከመስኮታችን ሃያ ደቂቃ ርቆ ያለው የባሕረ ሰላጤው ውሃ በበጋ ከ34 ዲግሪ ያልፋል፤ እዚያ ያሉ ኮራሎች ሌላ ቦታ ያሉትን የሚገድል ሙቀት ችለው ይኖራሉ፣ ለዚህም ነው የዓለም ተመራማሪዎች የሚመላለሱባቸው። ግን እነሱም ጣሪያ አላቸው። በ2017 በደቡባዊው ባሕረ ሰላጤ ብዙ ኮራል ነጥቶ ሞተ። ምክንያቱን ያጠኑ ሰዎች ያገኙት ነገር ላይ ስደርስ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ፦ ነፋስ። ከሰሜን ምዕራብ የሚነፍስ ሻማል የሚባል ደረቅ ነፋስ አለ፤ በበጋ እየመጣ ውሃውን ያተንነዋል፣ በዚያም ያቀዘቅዘዋል። በዚያ ዓመት ነፋሱ ደከመ። ባሕሩም ማራገቢያ ነበረው፣ ማራገቢያው ቆመበት።

በ2023 ደግሞ ፍሎሪዳ ውስጥ ጥልቀት በሌለው አንድ ባሕር ላይ ያለ መለኪያ 38.4 ዲግሪ አነበበ። ቁጥሩን ሳይ መጀመሪያ ያሰብኩት ሴንሰሩ ነው። የኔው 85 ትዝ አለኝ። በሚቀጥለው ዓመት ሚያዝያ ላይ አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት መሆኑ ታወጀ። ለሪፎቹ ሃይላንድ ተሸክሞ የሚመጣ ደባል የላቸውም።

ሰኞ ሥራ ገባሁ። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ሁላችንም ተጠራን። ትልቁ ደንበኛችን ውሉን አቋርጧል።

ለማያውቀው፦ እዚህ ሥራ ማለት ሥራ ብቻ አይደለም። ቪዛዬ በሥራው ነው። የጤና መድኔ በሥራው ነው። የቤት ኪራዩ ቼክ፣ የእማዬ የደም ግፊት መድኃኒት፣ የታናሽ ወንድሜ የኮሌጅ ክፍያ፣ ሁሉም ከአንድ ሶኬት ላይ ነው የተሰካው። ይህን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም፤ መጠባበቂያ አለኝ ብዬ ነበር። ሌላ ካምፓኒ ውስጥ የሚሠራ ጓደኛዬ «በፈለግከው ቀን ና፣ ቦታ አለ» ብሎኝ ዓመት ሆኖታል። ምሳ ሰዓት ላይ ልደውልለት ስልኬን ሳነሳ እሱ ቀድሞ ደወለ። የነሱም ደንበኛ ያው ኖሯል። እሱም ለኔ «እናንተ ጋ ቦታ አለ?» ሊለኝ ነው።

ስቄ ነበር። እሱ ምን እንዳሳቀኝ አልገባውም፣ እኔም ስለ ማራገቢያው በዚያ ሰዓት ላስረዳው አልቻልኩም።

እኔ ቀረሁ፤ ለጊዜው። ጎኔ የሚቀመጠው ልጅ ሄደ። ሁለት ልጆች አሉት፣ ኮዱ ከኔ ኮድ ይሻል ነበር። ኪቦርዱን በካርቶን ይዞ ሲወጣ በሩን ከፈትኩለት፣ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

አሁን ሳሎናችን ውስጥ ያለው ነገር ያምራል አልልም። ሁለተኛ ሴንሰር ጨምሬያለሁ፣ ከሌላ ፋብሪካ፣ በሌላ ኬብል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ቦቱ ይጮኻል። የክፍሉን እርጥበት የሚለካ ሦስተኛም አለ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ መለካት የነበረብኝ እሱን ነው፤ እርጥበቱ ሲወጣ ውሃው ገና ሳይሞቅ ነው የማውቀው። ፍሪዘራችን ግማሹ ሥጋ፣ ግማሹ ሃይላንድ ነው። አንድ የሃይላንድ መደዳ የደባሌ ነው፣ ማንም እንዳይነካው በእስክሪብቶ ጽፎበታል። ለሥራው ግን ሁለተኛ ሶኬት እስካሁን አላገኘሁም።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ እማዬ ደወለች። ፍልሰታ ነበር፣ ጋቢ ደርባ ነው የታየችኝ፣ ከኋላዋ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ስለ ሥራው አልነገርኳትም። እሷም እንደ ወትሮዋ ስለ ወንድሜ፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ዘይት ዋጋ አወራችኝ። ከዛ ድንገት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣

«ዓሣዎችህስ?» አለችኝ።

ካሜራውን አዙሬ አሳየኋት። ሀመሯን ስታይ ወደ ስልኩ ተጠጋች።

«ይቺ ያቺ አረንጓዴዋ አይደለችም እንዴ? ምነው ነጣች? ሞተች?»

«አልሞተችም እማዬ። ሙቀት ነው። የሚያበሏት ነገሮች ነበሩ ውስጧ፣ ወጥተው ሄዱ።»

«እና አሁን ምን ትበላለች ታዲያ?»

መልሱን አውቀው ነበር፣ ብቻ እስከዚያ ሰዓት ድረስ አላደረግኩትም። ሀመር አፍ አላት። አልጌዎቿ እስኪመለሱ ድረስ፣ ከተመለሱ፣ በእጅ ልትበላ ትችላለች። ስልኩን መስታወቱ ላይ አስደግፌ ከፍሪዘር ሽሪምፕ አወጣሁ፣ የሩዝ ግማሽ አሳክዬ ከተፍኩት።

«ሽሪምፕ? በፍልሰታ?» አለችና ሳቀች።

ፓምፖቹን አጠፋሁ። ውሃው ዝም አለ። በረጅም ጠብታ ቁራጯን ነጭ ጣቶቿ መሐል ለቀቅኳት። መጀመሪያ ምንም። ክላውንፊሹ ሊነጥቅ መጣ፣ በጣቴ አባረርኩት። ደባሌ ከኩሽና ወጥቶ ከኋላዬ ቆመ። ደቂቃ አለፈ፣ ምናልባት ሁለት። ከዚያ አንዷ ጣት ታጠፈች፣ ቀጥላ ጎረቤቷ፣ ቀስ እያሉ ቁራጯን ከበቧት፣ ወደ መሐል ጎተቷት።

«ያዘችው!» አለች እማዬ። «ቆይ፣ ቆይ አትዝጋው። ያችኛዋ ራስ አልደረሳትም፣ ለሷም ስጣት።»